በጀርመን ውሻ ወገብ የተገዘትሁበት ሳምንት

የይቅርታ ታሪክ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ልንገረው፤ ይህ አይደለም። ቢያዝን እባላለሁ። ቢቸና ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሰው በደለኝ ማለት ወፍጮ ውስጥ እህል ገባ ማለት ነው፤ ሳላደቅቀው አይወጣም። ሟች ባለቤቴ «ከእኔ በፊት ያገባኻት ቂምህን ነው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ቂሜን የሚያበርድልኝም የለም።

በሽቦ አጥር የምትዋሰነኝ ዘነበች ናት። ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሲሚንቶ ትሸጣለች። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ምላስ ግን ለመንደሩ የሚተርፍ አላት። እሷ በወፍጮዬ ጩኸትና ብናኝ ትማረራለች፤ እኔ ደግሞ ደጄን ዘግቶ በሚያራግፈው የጭነት መኪናዋ። እንዲህ ስንነካከስ ቆይተን መጋዘኗን ሌባ ሰበረውና ሞጣ ሄዳ አንድ የጀርመን ውሻ ቡችላ ገዝታ መጣች።

ስሙን «እንተያይ» አለችው። ለእንግዳ አንባቢ ላስረዳ፤ በእኛ አገር ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ ለጎረቤቱ መልእክት መላኩ ነው። ሰው ብትሰድብ ትከሰሳለህ፤ ውሻህን ብትጠራ ግን ማን ይከስሃል? ዘነበች ጠዋት ጠዋት ፊቷን ወደ እኔ አጥር አዙራ «እንተያይ፣ ና እስቲ» ትላለች። እኔ ውሻ ስለሌለኝ መልስ መስጫ አጣሁ። ጥርሴን ነክሼ ወፍጮዬን አስነሣለሁ።

ውሻው ግን ያምር ነበር። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ፣ ጆሮው የቆመ። ከኋላው ዝቅ ያለ ነው፤ ቆሞም ሊቀመጥ የተሰናዳ ይመስላል። ዘነበች ለደንበኞቿ «የሞጣው ሰውዬ እንደነገረኝ ወገቡ ዝቅ ያለው ዘሩ ንጹሕ ስለሆነ ነው» እያለች ትኩራራለች። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ ያነሣል፤ እንደ ጥንቸል። ሰፈሩ ይስቅ ነበር። ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ የሱቁን ደረጃ መውጣት ተወ፤ ሥር ሆኖ ይጠብቃታል። «ፈረንጅ ነዋ፣ ሙቀት አይችልም» ተባለ። በሽታ ነው ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ታስሮበት የነበረውን ሰንሰለት በጥሶ ወፍጮ ቤቴ ደጅ መጣና በደንበኛዬ አህያ ላይ ጮኸ። አህያዋ ደንብራ ጭነቷን ጣለች፤ ጤፉ አፈር ላይ ተዘራ። እኔም መንገድ መሐል ቆሜ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማኝ «ይህን ውሻ አንድ ቀን ወገቡን ባልሰብረው ቢያዝን አትበሉኝ» አልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውሻው መነሣት አቃተው።

ዘነበች አጥሩን ይዛ ቆመች። ፊቷ በእንባ ርሷል። ስንጣላ እንኳ «አያ ቢያዝን» እና «አንቱ» የምትለኝ ሴት ናት።

«ሰበርኸው አይደል?» አለችኝ።

«ማንን ነው አንተ የምትይው?»

«አንተን ነው። ወገቡን እሰብረዋለሁ ያልኸው አንተ ነህ። የእጅህን ታገኛለህ ቢያዝን።»

ልምል ፈለግሁ። ነገር ግን ለእሷ ብዬ መሐላ አላወጣም አልሁና ጀርባዬን ሰጥቻት ገባሁ። ይህን እንደ ማመን ቆጠረችው።

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ መምሬ አድማሱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። መምሬ የእሷም የእኔም የንስሐ አባት ናቸው። በእኛ ዘንድ ንብረት ሲሰረቅ ወይም ሲጠፋ፣ አድራጊው አልታወቅ ሲል ባለቤቱ ካህን ያስገዝታል። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እንዲህ አሉ፦ «የዘነበችን ከብት ወገብ የሰበረ፣ ሲሰበር ያየ፣ አውቆ የሸሸገ፣ ወጥቶ እስኪናገር ድረስ ውግዝ ይሁን።» ውሻ ላለማለት ከብት አሉ። ስሜን አልጠሩም፤ መጥራትም አላስፈለገም። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሰኞ ወፍጮዬን አስነሣሁ። የሚፈጭ የለም። ማክሰኞ ጠዋት ዕድሜ ልኳን እኔ ዘንድ ያስፈጨች አንዲት ባልቴት አህያዋን እየነዳች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ በደጄ አልፋ ታች ሰፈር ወዳለው ወፍጮ ስትሄድ አየኋት። የተገዘተ ሰው የፈጨውን ዱቄት ማን ይጋግራል? ሞተሩን አጠፋሁና ሚዛኑ ላይ ተቀመጥሁ። ወፍጮ ቤት ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያን ቀን አወቅሁ። ሐዘን ግን አልተሰማኝም። የተሰማኝ ዘነበች ደጄ ላይ ለይቅርታ በአንገቷ ድንጋይ ይዛ ተንበርክካ የማያትበት ቀን ናፍቆት ነው። ያን ቀን ሳላይ ብሞት አስከሬኔም አይበሰብስም አልሁ።

መምሬ ቤት ሄድሁ።

«አባቴ፣ አጥንቱ መሰበሩን ዓይተዋል?»

«ዘነበች ነገረችኝ» አሉ። «የሸጠላት የሞጣው ሰውም በስልክ ዱላ ነው ብሏታል።»

«ሞጣ ሆኖ ቢቸና ያለውን ዱላ አየው?»

 በቢቸና ከብት የሚያክሙት ሰዎች ያን ሳምንት ለክትባት ገጠር ወጥተው ነበርና ውሻውን ያየው ባለሙያ የለም።

«እንግዲያው ሞጣ ሐኪም ዘንድ እንውሰደው» አልሁ። «እርስዎ ምስክር ይሁኑ። ዱላ ነው ከተባለ ወፍጮዬን ዘግቼ አገር እለቃለሁ። ዱላ ካልሆነ ግን ዘነበች ደጄ ትወድቃለች።»

«ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉኝ።

«ጸሎት ላይ አይደለሁም አባቴ። ሙግት ላይ ነኝ።»

ሐሙስ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወጣን። መምሬ ውሻ ከነካቸው ያን ቀን ቤተ መቅደስ አይገቡምና ጋቢያቸውን ሰብስበው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ስለዚህ ውሻውን በብርድ ልብስ ተሸክመን ያስገባነው እኔና ዘነበች ነን፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ። ወገቡን ሰብረሃል ብላ ያስገዘተችኝ ሴት «ቀስ፣ ወደ እርስዎ ዘነበለ» ስትለኝ አስቡት። በድንጋጤ «እርስዎ» አለችኝና ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

ደብረ ወርቅን አለፍን። መንገዱ ሲንጠን ውሻው አቃሰተና አገጩን ጫማዬ ላይ አሳረፈ። እግሬን አላነሣሁም። አዝኜለት አይደለም፤ ባነሣ ረገጠው ትላለች ብዬ ነው። ሞጣ እስክንደርስ እግሬ ደንዝዞ ቀረ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዶክተር ሰላም ይሏታል። ውሻውን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አስተኛችውና ጭኑን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ውጭ ከፈተችው። ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። በሌላው በኩል ገልብጣ ደገመችው፤ ያው ቋ።

«ልጅ ሆኖ ሁለቱን የኋላ እግር አንድ ላይ እያነሣ ይሮጥ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ» አለች ዘነበች፤ «እየሳቅን እናየው ነበር።»

«ደረጃ መውጣትስ?»

«ተወ። ሰነፈ ብለን።»

ዶክተር ሰላም ጓንቷን አወለቀች። «ይህ ዱላ አይደለም» አለች። «የተመታ ቢሆን በአንድ ወገን እብጠት ወይም ስብራት ይገኝ ነበር። የዚህ ሁለቱም ዳሌ ነው የታመመው። የጭኑ አጥንት ራስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አለ፤ የእሱ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ አጥንቱ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይፋፋቃል፤ ውሎ አድሮ መቆም ይከለክላል። በዚህ ዘር የተለመደ በሽታ ነው፤ ከወላጅ ነው የሚወርሰው። ሲወፍር ደግሞ ይብስበታል። ሥጋ አብዝተሻል መሰለኝ።»

«ከአፌ ነጥቄ ነው የማበላው» አለች ዘነበች።

«ሲሚንቶ ላይ ይተኛል?»

«መጋዘን ነዋ።»

ደስ አለኝ። ከሠርጌ ቀን ይልቅ ደስ አለኝ። መምሬን ዞሬ አየኋቸው፤ በሩ ላይ ቆመው ጺማቸውን ይዘዋል። ዘነበች ግን እኔን አላየችም። ሐኪሟ ላይ እንዳፈጠጠች «ታዲያ የሸጠልኝ ሰውዬ ለምን ዱላ ነው አለኝ?» አለች።

«ከአቶ ወርቁ ነው የገዛሽው?»

«አዎ።»

ዶክተር ሰላም ተነፈሰች። «የዚህ ወንድሞችና እኅቶች እኔ ዘንድ መጥተዋል፤ ሁሉም ያው ናቸው። አባትየው ሻለቃ የሚባለው ውሻ ነው። ሻለቃን አታራባው ብዬ ለአቶ ወርቁ ነግሬዋለሁ፤ ራሱ አምጥቶት አይቼዋለሁና። ገዢዎቹ ሲደውሉለት ሰው መቶብሽ ነው፣ ሰው መርዞብህ ነው ይላቸዋል። አንዱ በዚህ ምክንያት ዘበኛውን አባርሯል። አንዱ ከአማቹ ጋር ፍርድ ቤት ይመላለሳል።»

ዘነበች ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ስደውልለት የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው» አለች። «የሚጠላሽ ጎረቤት የለም ወይ አለኝ።»

ደስታዬ ከሰመ። የሚጠላው ጎረቤት የሌለው ማን አለ? ዓይቶኝ የማያውቅ፣ ስሜን እንኳ ያልሰማ ሰው፣ አንድ ጥያቄ በስልክ ጠይቆ ወፍጮዬን ዝም አሰኘው። ዘነበችስ ብትጠላኝ አውቃኝ ነው፤ እኔም አውቄያት ነው የምጠላት። ይሄኛው ግን ያለ ምንም ጥል ፈጨኝ። በቀሌን ለሁለት ከፈልሁት፤ ግማሹን ለእሱ።

የአቶ ወርቁ ግቢ ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ገበያ ስለነበር ገዢ ገብቷል፤ አንድ ባልና ሚስት ቡችላ ሲመርጡ ደረስን። ሻለቃ የተባለው ውሻ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ምንጣፍ ተነጥፎለት ተጋድሟል። እውነትም ሹም ይመስላል። አቶ ወርቁ ደልደል ያለ፣ ፈገግታው የማይደርቅ ሰው ነው።

እንደ ገዢ ገባሁ። «አባትየው ይህ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ሻለቃ ነው። በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ዘር አያገኙም።»

«እስቲ ቆሞ ልየው።»

«ሻለቃ ለማንም አይነሣም» አለና ሳቀ። «ኩሩ ነው።»

ባልና ሚስቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። «እኛ ጎጃሞች» አልሁት፣ «በሬ ስንገዛ አስነሥተን፣ አስኪደን፣ ጥርሱን ከፍተን፣ ሰኮናውን አንሥተን ነው። በሬ ኩሩ ነው ተብሎ ተኝቶ ሲሸጥ ዓይተን አናውቅም። ውሻ ሲሆን ጊዜ ምን ነካን?»

የሴትዮዋ ፈገግታ ቆመ። «እውነቱን ነው፤ ይነሣ እስቲ» አለች።

አቶ ወርቁ «ሻለቃ» ብሎ ተጣራ። ውሻው ጆሮውን አቆመ። ታዛዥ ነበር ምስኪን። የፊት እግሮቹን ተክሎ ደረቱን አነሣ፤ የኋላው ግን ምንጣፉ ላይ ተንሸራተተ። ደገመ። ተንሸራተተ። በዚህ መሐል ዘነበችና ሾፌሩ ውሻዋን በብርድ ልብስ ይዘው ገቡና ከመደቡ ሥር አስቀመጡት። አባትና ልጅ፣ የኋላ እግራቸውን በአንድ ዓይነት አኳኋን ዘርግተው፣ ላይና ታች ሆነው ተያዩ። ማንም ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ሚስትየዋ ቡችላውን መሬት አስቀምጣ ወጣች፤ ባልየው ተከተላት።

«ምን በደልኋችሁ ሰዎች?» አለ አቶ ወርቁ። «እንጀራዬን ለምን ትዘጋላችሁ?»

ተጠጋሁት። «የሚጠላሽ ጎረቤት የለም ወይ ብለህ ጠይቀሃት ነበር» አልሁት። «አለ። እኔ ነኝ። ይኸው መጥቻለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ፊት ዛሬም ሳስበው ያጠግበኛል። መምሬም ከበሩ ሆነው መስቀላቸውን አወጡና «ልጄ፣ እኔ የገዘትሁት የሰበረውን ብቻ አይደለም፤ አውቆ የሸሸገውንም ነው። መፈታት ከፈለግህ እሑድ ቢቸና ና» አሉት።

መጣ። ይቀራል ብዬ ነበር፤ ግዝት ፈርቶ መጣ። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ «የአባቱን በሽታ አውቅ ነበር፤ አውቄ ሸጥሁ፤ ሰው ላይም አመካኘሁ» አለ። መምሬ ግዝቱን አነሡ። አቶ ወርቁ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዤ አስነሣሁትና እግዚአብሔር ይፍታህ አልሁት። የእሱ ቂም ሞጣ ላይ ወጥቶልኛል።

የዘነበች ግን አልወጣልኝም። ያን ቀን ወዲያው መምሬንና ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ፣ በአንገቷ ድንጋይ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ደጄ ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ የናፈቅሁት ይህ ነው። ቶሎ አልወጣሁም። በመስኮት እያየሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ አልፎ እስኪያያት ድረስ አቆየኋት። ከዚያ ወጣሁ።

«ቢያዝን፣ ካሳህን ተናገር» አሉ መምሬ። በሽምግልናችን ካሳውን የሚጠራ ተበዳይ ነው።

«ብር አልፈልግም።»

«ታዲያ?»

«ውሻውን።»

ድንጋዩ ከአንገቷ ወደቀ። «አያ ቢያዝን፣ ሌላ ነገር ይበሉ» አለችኝ። «ቆርቆሮ ይውሰዱ። የፈለጉትን ይውሰዱ። እሱ ታሞብኛል እኮ።»

ልጅ እንደሌላት አውቃለሁ። ማታ ማታ ለእሱ ስታወራለት በአጥሩ በኩል እሰማ ነበር። አውቄ ነው የጠየቅሁት፤ ሌላ ምንም የሚያማት ነገር ስለሌላት። ሽማግሌዎቹ ለመኑኝ፤ መምሬ ገሠጹኝ። አልተመለስሁም። በዚያው ብርድ ልብስ ተሸክመው አመጡልኝ። እሷ አብራ አልመጣችም።

አንባቢዎቼ፣ የጀርመን ውሻ የምትገዙ ከሆነ አባቱንና እናቱን አስነሥታችሁ፣ አስኪዳችሁ እዩ። ዝቅ ያለ ወገብ ኩራት አይደለም። ውሻችሁ አንድ ጠዋት መነሣት ቢያቅተው ወደ ጎረቤት ከማየታችሁ በፊት ወደ ሐኪም ውሰዱት። ይህን የምለው ከደግነት አይደለም፤ የሚጠላኝ ሰው በቂ ምክንያት አለው፣ ሐሰተኛ መጨመር አያስፈልገውም ብዬ ነው።

ስለ በቀል ግን ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ። በካሳ የወሰድኸው ነገር ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ያመዋል። የዶክተር ሰላምን ትእዛዝ ይዤ ከውሻው ጋር ቀረሁ። ሥጋውን ቀነስሁ፤ ሲሚንቶ ላይ እንዳይተኛ ጭድ ጎዘጎዝሁ፤ ክኒኑን በሽሮ ለውሼ አጎርሰዋለሁ። ሲከሳ ጥቂት ቀለለው፤ እርምጃ ያህል ይራመዳል፤ ብቻውን መነሣት ግን አይችልም። ወፍጮዬ እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ አህዮቹም ለምደውታል። ሰዎች መልሰህ ስጣት ይሉኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አልሰጣትም።

ግን ጠዋት ጠዋት ዘነበች የሱቋን በር ስትከፍት ድምፁን ይሰማል። የፊት እግሮቹን ይተክላል፤ የኋላው አልታዘዝ ሲለው ያቃስታል። እኔ ሰፊ ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፌ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዤ ከኋላ አነሣዋለሁ። ቆሞ በሽቦው ውስጥ ያያታል። እሷም ቆማ ታየዋለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። እኛ ሁለታችን እስካሁን ሰላምታ የለንም። እሷ ዞራ እስክትገባ ድረስ፣ ክንዴ ቢዝልም ባይዝልም፣ ወገቡን ደግፌ የምቆመው እኔ ነኝ።